የጆንያ ባል

ዱብቲ ያላችሁ ሰዎች ታውቁኛላችሁ። ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ በርበሬና ሽሮ የምሸጠው፣ ከቅንድቤ እስከ ፀጉሬ ሥር የሚዘልቅ ጠባሳ ያለብኝ አሮጊት እኔ ነኝ። ሽሮ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ጠባሳዬን ሳያይ አይሄድም፤ ደፈር ያለው ደግሞ «እማማ፣ ግንባርዎን ምን አገኘዎት?» ይለኛል። እንደ ቀኑ ሁኔታ አንዱን በቅሎ ረገጠችኝ እለዋለሁ፣ ሌላውን ከመኪና ወድቄ ነው እለዋለሁ። ዛሬ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። ብቻ መሀል እየገባ «ከዚያስ? ከዚያስ?» የሚለኝ ሰው አልወድም፤ በራሴ ጊዜ እደርስበታለሁ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ የጥጥ እርሻው አዋሽን ተከትሎ በየዓመቱ እየሰፋ በነበረበት ወቅት ነው። ዛሬ ሰመራ የምትሉት ከተማ ያኔ አልነበረም፤ ቦታው ነፋስና ጥቁር ድንጋይ ነበር። እኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ደብሬ እባላለሁ፣ አገሬ ወሎ ነው። ደምሴ የሚባል የሰፈራችን ሰው ከገበያ ስመለስ ከጓደኞቹ ጋር አድፍጦ ጠለፈኝ። አባቴ ጠመንጃውን አንሥቶ ወጥቶ ነበር፤ ሽማግሌዎች መሀል ገቡና ከብት ተሰጠ፣ እርቅ ወረደ፣ ተበላ ተጠጣ። እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም። ደምሴ ደግሞ እጁ የማያርፍ ሰው ነበር፤ ወጡ ቀጠነ ብሎ ይመታኛል፣ ዝናብ ቀረ ብሎ ይመታኛል። አንድ ቀን የጎድን አጥንቴን ሲሰብረው፣ ይሄ ሰውዬ ከሚገድለኝ በረሃው ይግደለኝ አልኩና ወደ ጥጥ ለቀማ ከሚወርዱ ሰዎች ጋር ተደባልቄ ኤንትሬ የሚሉት የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ።

ዱብቲ ስደርስ የተቀበለን ካቦው በላይ ነው። ካቦ ማለት ሠራተኛ የሚቀጥረውም የሚያባርረውም እሱ ነው። ከላይ እስከ ታች አየኝና «ባልሽ የታለ?» አለኝ። የለኝም አልኩት። «እንግዲያው ሥራም የለሽ» ብሎ ወደሚቀጥለው ሰው ዞረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብቻውን የመጣ ወንድ ወባ ሲይዘው ወይ አገሩ ሲናፍቀው ያገኘው መኪና ላይ ዘሎ ይጠፋል፤ ጥጡ ማሳ ላይ ይቀራል። ብቻዋን የመጣች ሴት ደግሞ ወንዶቹን ታፋጃለች ይላሉ። ባልና ሚስት ግን ይረጋሉ። ስለዚህ የጥጥ መስመር የሚሰጠው ለጥንድ ነው፤ ለአንድ ጥንድ አንድ መስመር፣ አንድ ጆንያ፣ አንድ የቆርቆሮ ክፍል። ጆንያው የሚመዘነው በባልየው ስም ነው። ታዲያ ሰው ምን ያድርግ? ተሲያት ላይ ሳይተዋወቁ ከመኪና የወረዱ ወንድና ሴት ጀንበር ሳትጠልቅ ባልና ሚስት ይሆናሉ። የጆንያ ባል፣ የጆንያ ሚስት እንባባል ነበር። ለቀማው ሲያልቅ ሁሉም በየፊናው ይበተናል። ከነዚህ ውስጥ የተዋደዱም ነበሩ፣ የወለዱም ነበሩ፣ የተገዳደሉም ነበሩ። ካቦው ሁሉን ያውቃል፤ ጥጡ እስከተለቀመለት ድረስ አይቶ እንዳላየ ይሆናል።

እኔን ከዳና ጋር ያገናኘችኝ ዘነቡ ናት። ዘነቡ ለሠራተኛው ጠላ የምትሸጥ፣ ምላሷ እንደ እኔው የማያርፍ ሴት ነበረች። ዳና የወላይታ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ አገሩ ሚስትና ልጆች ያሉት። ሚስቱ እንሰቷን ጥላ መምጣት አትችልም፤ እሱ ደግሞ ያለ ሚስት መስመር አያገኝም። ዘነቡ ሁለታችንን አየችና እሱም ሚስት አጥቶ፣ አንቺም ባል አጥተሽ ጦማችሁን ከምታድሩ ብላ አጣመረችን። በመጀመሪያው ቀን ዳና ክፍሏን በጆንያ መጋረጃ ለሁለት ከፈላትና «ይሄ ያንቺ፣ ይሄ የኔ። አገሬ እህት አለችኝ፣ አንቺን ታክላለች» አለኝ። ሁለት የለቀማ ወቅት አብረን ስንኖር መጋረጃዋን አንድ ጊዜ እንኳ አልፎ አያውቅም። እኔ ገላዬን ስታጠብ ውጭ ወጥቶ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቀመጣል። የማያውቅ ሰው ያባረርኩት ይመስለው ነበር።

አንድ ሰው ልጨምርላችሁና ወደ ነገሩ እገባለሁ። ሐመዱ የእርሻው ዘበኛ ነው፣ አፋር ነው። ጥጡ የበቀለበት መሬት ድሮ የአባቱ ግመሎች የሚግጡበት ነበር፤ አሁን እሱ ያንኑ መሬት በጠመንጃ ይጠብቃል። ወገቡ ላይ ጊሌውን፣ ያን ጎባጣ ጩቤያቸውን፣ ሳይታጠቅ አይወጣም። እኛ መስመር ላይ እየመጣ ውኃ ይጠጣል፣ ያጫውተናል። አንድ ቀን፣ ዳና ዘመድሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ኧረ በስመአብ፣ ዘመድ እንዴት ባል ይሆናል አልኩት። ሐመዱ ከልቡ አዘነልኝ። ምነው ለዘመድ ሳይሰጡሽ ለባዕድ ሰጡሽ እያለ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ። ምኑ እንዳሳዘነው አልገባኝም፤ ብጠይቀው ኖሮ ብዙ ደም ባልፈሰሰ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ጥጡ ጥሩ አድርጎ ፈክቶ ነበር። እኔና ዳና ጆንያችንን እየጎተትን ጎን ለጎን እንለቅማለን። አዲስ ሠራተኛ የጫነ መኪና መጥቶ ከመስኖው ቦይ ማዶ ቆመ። ያገሬ ሰው ካለ ብዬ ቀና አልኩ። አንዱ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን ዱላው ላይ ሰቅሎ፣ ክብደቱን አንድ እግሩ ላይ ጥሎ ቆሟል። እጄ ላይ የነበረው ጥጥ ወደቀ። ያን አቋቋም ደጃፌ ላይ ሳየው የኖርኩት ነው።

ደምሴም አየኝ። እየሮጠ ይመጣብኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ፈገግ አለና ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ካቦው ሄደ። ሲያወሩ አየኋቸው። ካቦው ዞሮ በጣቱ ወደኔ ጠቆመ፣ ደምሴ ራሱን ነቀነቀ። መጥቶ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳናን ያ ሰውዬ መጥቷል አልኩት። ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ታሪኬን ነግሬው ነበር። ልጥፋ ብዬ አሰብኩ፤ ግን ወዴት? በአንድ በኩል አዋሽ ከነአዞው ነው፣ በሌላ በኩል ውኃ የሌለበት በረሃ ነው፣ መኪናውም ያለ ካቦው ፈቃድ ሰው አይጭንም። ዳና ጎንበስ ብሎ የጣልኩትን ጥጥ አነሣና ጆንያው ውስጥ ከተተው።

«ልቀሚ» አለኝ። «ብቻሽን አይደለሽም።»

ለቀምኩ። ምን እንደለቀምኩ እንኳ አላውቅም፤ ቅጠሉንም ጉንዳኑንም አብሬ ሳልከት አልቀረሁም። ደምሴ አዲሶቹ ሠራተኞች ዘንድ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ያየኛል። ዞር ባልኩ ቁጥር ዐይኑ እዚያው ነው። ብዙ ሰው ቶሎ ይገድለኛል ብሎ ይፈራል፤ እኔ የፈራሁት ግን እንደገና አብሬው እንድኖር እንዳይፈረድብኝ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ካቦው ፊሽካውን ነፋና ወደ ሚዛን ቤቱ ጠራን። ሚዛን ቤት የምለው ጣሪያ ብቻ ያለው ጥጥ የሚመዘንበት ዳስ ነው፤ ያን ጊዜ የተመዘነው ጥጥ ከሥሩ ተቆልሏል። ስንደርስ ሦስት ሽማግሌዎች ጆንያ ላይ ተቀምጠዋል። ዋናቸው አያ ሞላ ናቸው፤ ያገሬ ሰው፣ የተቀደደ ጆንያ የሚጠግኑ፣ ሠራተኛው ሲጣላ የሚያስታርቁ። ደምሴ ፊታቸው ቆሟል። በዱላው ፈንታ ለአዲስ ሠራተኛ ለምንጣሮ የሚታደለውን ገጀራ ይዟል። ያኔ ልብ አላልኩትም። ካቦው ጥጥ ሳይረግፍ ነገሩን ቶሎ ጨርሱልኝ ብሎ ዳር ቆመ።

ደምሴ ተናገረ። ሽማግሌ ፊት ሁልጊዜም ድምፁ ለስላሳ ነው። ጠልፌያታለሁ፣ አልዋሽም፤ ግን ሽማግሌ ገብቶ፣ ከብት ሰጥቼ ታርቄያለሁ አለ። ከዚህ የተመለሱ ለቃሚዎች እዚህ መሆኗን ነገሩኝ አለ።

«አገሬ ዝናብ ቀረ። እንጀራ ፍለጋ ወረድኩ። ሚስት ያለው ብቻ ነው የሚቀጠረው አሉኝ። እኔ ደግሞ ሚስት አለኝ፤ ያቻትና።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ቂሙ አላስቀምጥ ብሎት የመጣ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ናፍቄውም አይደለም። የፈለገኝ ለመስመሩና ለክፍሉ ነው። ለምንጣሮ ገጀራ ታደለው፣ ለለቀማ ደግሞ እኔ አስፈልገዋለሁ። ደሜ ፈላ።

አያ ሞላ ወደኔ ዞሩና «ልጄ፣ እርቁ ወርዷል ወይ?» አሉኝ።

«ወርዷል አያ። እኔ ግን አልታረቅኩም።»

አንገታቸውን ደፉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እርቅ የወረደበትን ጋብቻ ግን ማፍረስ አይችሉም። ፍርዱን ፊታቸው ላይ አየሁት። ከዚያ ዳናን፣ አንተስ ምኗ ነህ አሉት። የጆንያ ባሏ ነኝ ቢል ነፃ ይወጣ ነበር። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ዘነቡ ሌላ ሴት ትፈልግለታለች፣ መስመሩም አይነካበትም።

«ባሏ ነኝ» አለ ዳና።

ደምሴ ገጀራውን ሲያነሣ ድምፅ እንኳ አላሰማም። ዳና ቀኝ እጁን ፊቱ ላይ ጋረደ። ገጀራው መዳፉን ሰንጥቆ እስከ አንጓው ገባ፤ ሁለት ጣቶቹ ተቆርጠው የጥጡ ክምር ላይ ወደቁ። ዳና አልጮኸም፤ እጁን ጉያው ውስጥ ከትቶ ተንበረከከ። የጮኸችው ዘነቡ ናት። ደሙ ነጩ ጥጥ ውስጥ ሲሰርግ አየሁና እኔ ራሴን አላወቅኩም፤ ደምሴ ላይ ተወርውሬ ክንዱን ነከስኩት። ሥጋው አፌ ውስጥ ቀረ። በገጀራው ጀርባ ግንባሬን ሲለኝ ፊቴ በደም ተሸፈነ። ይሄ የምታዩት ጠባሳ ያ ነው። ሹሩባዬን እጁ ላይ ጠምጥሞ መሬት ለመሬት ጎተተኝ። ያ ሁሉ ወንድ ቆሞ ያያል። ሚስቱ ናት ተባለ፣ በቃ።

ጥይት ተተኮሰ። ሰው ሁሉ መሬት ተነጠፈ። ሐመዱ ከቦዩ በኩል እየሮጠ መጥቶ የጠመንጃውን አፈሙዝ ደምሴ ደረት ላይ ደገነና ልቀቃት አለው። ደምሴ ሚስቴ ናት ይላል፤ ሽማግሌዎቹም ከተጋደሙበት ሆነው እውነቱን ነው ይላሉ። ሐመዱ ግራ ገባው። አፈሙዙ ሲወላውል አየሁት።

ያኔ ነው ያ ነገር የመጣልኝ። እኛ ደገኞች ዘንድ ዘመድ ከዘመድ አይጋባም፤ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ዘመድ የጠለፈ ሰው እርቅ ቢወርድለትም እርቁ ከንቱ ነው፤ ሽማግሌ ከማጽደቅ መሞት ይመርጣል። ደም አፌን እየሞላው ጮህኩ።

«ዘመዴ ነው! የአጎቴ ልጅ ነው፣ የእናቴ ወንድም ልጅ!»

ዐይን ያወጣ ውሸት ነው። አያ ሞላ ግን አማተቡ። የእናት ወንድም ልጅ ማለት ወንድም ማለት ነው። አንተ እህትህን ነው እንዴ፣ ልቀቃት እያሉ ሽማግሌዎቹ እየተነሡ ወደ ደምሴ መጡ። ውሸቷን ነው ቢል ማን ይስማው። ሹሩባዬን የያዘው እጁ ላላ። ተረፍኩ አልኩ።

ሐመዱ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ፊቱ ፈካ ብሎ ነበር።

«የእናትሽ ወንድም ልጅ?» አለኝ።

«አዎ!»

«እንግዲያው አብሱማሽ ነው። የሱ ነሽ።»

ምን እንዳለ ያኔ አላወቅኩም፤ ኋላ ነው የገባኝ። አፋሮች ዘንድ ሴት ልጅ ከተወለደች ጀምሮ የእናቷ ወንድም ልጅ ድርሻ ናት፤ አብሱማ የሚሉት ይሄንን ነው። እሷን ከሱ መከልከል ትልቅ በደል ነው። ለሐመዱ ደምሴ ጠላፊ መሆኑ ቀረና፣ የገዛ ሚስቱን ባዕድ ወስዶበት አገር አቋርጦ የመጣ ተበዳይ ሆነ። ዳና ደግሞ ወሳጁ። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ነፃ ያወጣኛል ብዬ የተናገርኩት ቃል ጠመንጃ በያዘው ሰው ዘንድ አሰረኝ። ሽማግሌዎቹ ሊያስጥሉኝ ጠጋ ሲሉ ሐመዱ አፈሙዙን ወደነሱ አዞረ፤ በሰውና በአብሱማው መሀል የሚገባ ሰው ወላሂ እተኩስበታለሁ አለ። ማን ይጠጋል?

ደምሴ ለምን እንደተፈቀደለት አልገባውም፤ ግን የተሰጠውን የሚመልስ ሰው አልነበረም። ሹሩባዬን እንደጠመጠመ ወደ ቆርቆሮ ቤቶቹ ጎተተኝ፤ ሐመዱ ከኋላ ከኋላ ሰዉን እየከለከለለት ይከተለናል። የትኛው ነው ክፍሉ አለኝ። ዝም ስል ረገጠኝ፤ አሳየሁት። ወደ ውስጥ ወረወረኝና በሩን ዘግቶ የዳናን ሳጥን አስደገፈበት።

መጋረጃዋን አየና ሳቀ። ቀዶ ጣላት። የዳናን ጋቢ በመስኮቱ ወረወረው። ከዚያ ይመታኝ ጀመር፤ በቡጢ፣ በእርግጫ፣ በገጀራው እጀታ። ድሮ የተሰበረው ጎኔ እንደገና ቀጭ ሲል ሰማሁት። እየመታኝ የሚጠይቀኝን ብታምኑኝም ባታምኑኝም ልንገራችሁ። የነገውን ሥራ ነው የሚጠይቀኝ። መስመራችን ከቦዩ ስንተኛው ነው፣ ጆንያው የት ነው፣ ካቦው በስንት ሰዓት ይጠራል። አንድ ጥያቄ፣ አንድ ምት። ጠዋት ፊትሽን ታጥበሽ ከጎኔ ትለቅሚያለሽ አለኝ። ባልና ሚስት ነን ብለሽ ለካቦው በአፍሽ ትነግሪልኛለሽ አለኝ። የድሮው ቤት ከነጣሪያው ተነሥቶ እዚህ የተከተለኝ መሰለኝ።

ከቆርቆሮው ውጭ ጫጫታ ተነሣ። የዘነቡን ድምፅ ለየሁት። ሐመዱን ከጠመንጃው ጋር አንገት ላንገት ተናንቃዋለች። እናንተ ዘንድ የአጎት ልጅ ባል ቢሆንም እኛ ዘንድ ወንድም ነው፣ አይጋቡም፣ ልጅቷ ያለችህ ለማምለጥ ነው፣ አንተ ደግሞ ለነፍሰ ገዳይ ሰጠሃት ትለዋለች። የአብሱማ ነገር ያኔ ገባኝ። ከዚያ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ዘመዱ ካልሆነችማ እርቅ የወረደባት ሚስቱ ናት፣ ምን እናድርግ ሲል ሰማሁ።

በሩ ተደበደበ።

«ደብሬ!» አለ ሐመዱ። «ይሄ ሰው የእናትሽ ወንድም ልጅ ነው ወይስ አይደለም? አሁን እውነቱን ንገሪኝ።»

ደምሴ ገጀራውን አንገቴ ላይ አደረገና ምን እንደምመልስ ይጠብቅ ጀመር። ወገኖቼ፣ እስቲ በኔ ቦታ ሁኑና አስቡት። ነው ብል ሐመዱ ትቶኝ ይሄዳል። አይደለም ብል ሽማግሌዎቹ ሚስቱ ናት ብለው ይሄዳሉ። አንድ በር ላይ ሁለት ሕግ ቆሟል፤ ሁለቱም ለደምሴ ያስረክበኛል። እኔ፣ ደብሬ፣ አልፈልግም ብል ግን የሚሰማኝ ሕግ አንድም የለም።

በሩ ሥር በቆርቆሮው ሽንቁር የዳና እግር ይታየኛል። ጎትተው አምጥተውት ነው፣ ራሱ ተነሥቶ መጥቶ ነው፣ አላውቅም። ከጎኑ ደም ይንጠባጠባል።

«ይሄኛው አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ደንግጬ ነው የተሳሳትኩት! የእናቴ ወንድም ልጅ ዳና ነው! የተቆረጠው ነው! ያኔ የደበቅኩህ አፍሬ ነው!»

እኔ የወሎ ልጅ፣ ዳና የወላይታ ሰው፤ መልካችንም ቋንቋችንም አይገናኝም። ያንን እዚያ ያለ ደገኛ ሁሉ ያውቃል። ሐመዱ ግን ሁላችንንም ደገኛ ብሎ ነው የሚያውቀን። ከነሱ አንዱን ማመን ነበረበትና ወደ አያ ሞላ ዞረ።

«አባባ፣ እውነቷን ነው?»

አያ ሞላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽማግሌ ሆነው ሲፈርዱ የኖሩ፣ መስቀል የሚያስሩ ሰው ናቸው። የዳናን እጅ እያዩ ነበር አሉ፣ ዘነቡ ኋላ ነገረችኝ።

«እውነቷን ነው» አሉ። «የአጎቷ ልጅ ነው። እናውቃለን።»

ብዙ ምስክርነት ሰምቼ አውቃለሁ። እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ውሸት ግን ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም። ሽማግሌዎቹ ዘንድ ዳና ወንድሜ ሆነና ከምንዝር ነፃ ወጣ፣ እህቱን ከጠላፊ የማስጣል መብትም አገኘ። ሐመዱ ዘንድ ደግሞ አብሱማዬ ሆነ፤ ደምሴ የሰው አብሱማ ነጥቆ፣ ባለቤቱን ቆርጦ የገባ ሌባ ሆነ። በሩ በአንድ ርግጫ ተገነጠለ።

ገጀራ ይዟል ብዬ ስጮህ ሐመዱ ገብቷል። ደምሴ ትከሻው ላይ ሰነዘረበት፤ ጠመንጃው ከእጁ ወደቀ። ክፍሏ ለሁለት ሰው እንኳ አትበቃም፤ እላዬ ላይ ተናነቁ። የሐመዱ ደም ዐይኔ ውስጥ ገባ። ደምሴ ገጀራውን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያነሣ እግሩን በሁለት እጄ ጠምጥሜ ያዝኩት፤ ተንገዳገደ። ሐመዱ ጊሌውን መዘዘና ሆዱ ውስጥ ከተተው፣ አዙሮ አወጣው። ደምሴ የተቀደደችው መጋረጃ ላይ ቁጭ አለ። ሆዱን ይዞ ያየኛል፤ ቁጣው ሁሉ ጠፍቶ ነበር።

«ሚስት ያስፈልጋል አሉኝ እኮ» አለኝ።

ሌላ ቃል አልተናገረም። መኪና ተለምኖ እሱንና ዳናን ጎን ለጎን አስተኝተው ወደ ሐኪም ቤት ጫኗቸው። እኔ መሀላቸው ተቀምጬ የዳናን ክንድ በቀሚሴ ቅዳጅ አስሬ ይዣለሁ። ደምሴ መንገድ ላይ ሞተ። አላለቀስኩም፤ ደስም አላለኝም። ዐይኑን የከደንኩለት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው አልነበረውም።

ዳና ተረፈ፤ ቀኝ እጁ ግን ከአንጓው ተቆረጠ። ሐመዱን መንግሥት ያዘው፣ የጎሳው ሰዎች ገቡበት፣ ታስሮ ወጣና ወደ ጠመንጃው ተመለሰ። ካቦው ደግሞ በነጋታው መጥቶ፣ እኔ ገና ፊቴ አብጦ ሳለሁ፣ ባልሽ እጅ ስለሌለው መስመሩን ለሌላ ጥንድ ልሰጥ ነው አለኝ። ሁለት እጅ አለኝ፣ እሱ አንድ አለው፣ ሦስት ይበቃሃል አልኩት። ምን እንደሆነ እንጃ፣ ሳቀና ትቶን ሄደ። እኔ ለቀምኩ፣ ዳና ጆንያውን በአንገቱ ጎተተ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ወረደች። ስትመጣ እኔን ማን ብሎ ያስተዋውቃታል ብዬ ስጨነቅ ዳና «የአጎቴ ልጅ ናት» አላት። ልጆቹ ዛሬም አክስቴ ይሉኛል። ሐመዱ እስኪሞት ድረስ ዳናን ባገኘው ቁጥር አብሱማህን ሳታገባ ሌላ ማግባትህ ነውር ነው እያለ ይቆጣው ነበር፤ ዳና በቆራጣው እጁ አፉን ይዞ ይስቃል።

እናንተ ይሄን የምትሰሙኝ፣ ዛሬ ሥራ ፍለጋ ከአገር አገር የምትዞሩ ሴቶች ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ሥራ ያገኘሁት የሰው ሚስት ተብዬ ነው፤ ልገደል የነበረው የሰው ሚስት ተብዬ ነው፤ የተረፍኩትም የሰው የአጎት ልጅ ተብዬ ነው። ደምሴን እንኳ ሳስበው፣ እንደ እኔው ያለ ሚስት ሥራ የለም የተባለ ሰው ነበር፤ ልዩነቱ እኔ መጋረጃ ተከለልኩ፣ እሱ ገጀራ አነሣ። ይቅር አልኩት ወይ ብትሉኝ፣ አላልኩትም። ግን በር ላይ ቆሞ ባልሽ የታለ የሚል ቀጣሪ ባየሁ ቁጥር መኪና ላይ ሲሞት ያየሁት የደምሴ ፊት ትዝ ይለኛል። እናንተም እንዲያ የሚላችሁ ካለ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

እንዲሁ በዳና ስም ስለቅም ኖሬ፣ ከዓመታት በኋላ ካቦው በላይ ሄዶ አዲስ ጸሐፊ መጣ። ጎረምሳ ነው፣ አሠራሩን ገና አላወቀም። ሚዛን ቤቱ ፊት ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። «ስም?» አለኝ፤ ደብሬ አልኩ። «ባል?» አለኝ፤ የለኝም አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። አንድ አዲስ ጆንያ ከክምሩ ስቦ ሰጠኝና ቀጥሎ ያለውን ጠራ። ጆንያውን አቅፌ እያለቀስኩ መስመሩ ድረስ ሄድኩ። ዳና እዚያ ይጠብቀኝ ነበር፤ ምን ሆንሽ ሲለኝ ጆንያውን ዘረጋሁለት። ጆንያውን ተቀበለኝና በግራ እጁ አፉን ከፍቶ ያዘልኝ፣ እኔም መልቀም ጀመርኩ።